በራሷ ቤትና በሰው ቤት፦ የአይዳ ሉፒኖ ሁለት የሥራ ዘመን

አይዳ ሉፒኖ በራሷ ላይ የምትቀልደው አንድ ቀልድ ነበራት። ተዋናይት ሳለች ራሷን የድሃ ሰው ቤቲ ዴቪስ ትል ነበር። ዳይሬክተር ስትሆን ደግሞ የድሃ ሰው ዶን ሲገል ሆንኩ አለች። የመጀመሪያው ቀልድ ምክንያት ነበረው፤ ዋርነር ብራዘርስ ስቱዲዮ ውስጥ ቤቲ ዴቪስ የማትፈልገው ገጸ ባህሪ ዞሮ ዞሮ እሷ ጋ ይደርስ ነበር። ለሁለተኛውም ምክንያት አለ፤ ሲገል በትንሽ ገንዘብ ጠንካራ የወንጀል ፊልም በመሥራት የታወቀ ሰው ነው። ቀልዱ ያስቃል። ግን ሁለቱንም ጊዜ ራሷን የለካችው በሌላ ሰው ቁመት መሆኑን ልብ በሉ።

ስለ ሉፒኖ የሚጻፈው ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ከ1949 እስከ 1953 (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በራሷ ትንሽ ኩባንያ በኩል ስድስት ፊልሞችን ሠራች። በዚያን ጊዜ ሆሊውድ ውስጥ ፊልም የምትሠራ ሌላ ሴት ዳይሬክተር አልነበረችም ማለት ይቻላል። በአሜሪካ የዳይሬክተሮች ማኅበር ከዶሮቲ አርዝነር ቀጥላ ሁለተኛዋ ሴት አባል እሷ ነበረች፤ አርዝነር ደግሞ ሥራውን ካቆመች ቆይታለች። ስብሰባው ሲከፈት «ጌቶችና ሚስ ሉፒኖ» ይባል እንደነበር ይወራል። ከ1953 በኋላ ያለው ግን በአንድ አረፍተ ነገር ይታለፋል፦ «ከዚያም ወደ ቴሌቪዥን ገባች።» ልክ «ከዚያም ታመመች» እንደማለት።

እኔ ይሄ አከፋፈል አይዋጥልኝም። አንደኛውን ዘመን ጥበብ፣ ሁለተኛውን እንጀራ ማለት ሥራዎቹን ሳያዩ መፍረድ ይመስለኛል። ፊልሞቹንና የቴሌቪዥን ክፍሎቹን አጠገብ ለአጠገብ አድርጎ ለሚያይ ሰው የዳይሬክተሯ ዓይን አንድ ነው። የተለወጠው ቤቱ ነው። በራሷ ቤት ሳለች ምን እንደሚጠየቅ የምትወስነው እሷ ነበረች፤ በሰው ቤት ግን የተጠየቀችውን በደንብ ሠራች። ይሄ ልዩነት ትንሽ አይደለም። ግን የችሎታ ልዩነት አይደለም።

ቆሞ መጠበቅ

ሉፒኖ በ1918 ለንደን ውስጥ ከመድረክ ሰዎች ቤተሰብ ተወለደች። አባቷ ስታንሊ ሉፒኖ የታወቀ ኮሜዲያን፣ እናቷ ኮኒ ኤመራልድ ተዋናይት ነበሩ። ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ውስጥ ሆና በ1933 ሆሊውድ ገባች። ፓራማውንት ያመጣት ለልጅነት መልኳ ነበር፤ ፀጉሯን ነጭ ቢጫ እያስቀባ በየፊልሙ ቆንጆ ልጅ አደረጋት። ሰው በደንብ ያወቃት በ1940 በወጣው «ዘይ ድራይቭ ባይ ናይት» ነው፤ እዚያ ፍርድ ቤት ውስጥ ራሷን ስታ የምትለፈልፍበት ትዕይንት አለ። በዓመቱ «ሃይ ሲየራ» ላይ ከሃምፍሪ ቦጋርት ጋር ስትሠራ የእሷ ስም ከእሱ በፊት ተጻፈ። በ1943 «ዘ ሃርድ ዌይ» የኒው ዮርክ ፊልም ሃያሲያንን የምርጥ ተዋናይት ሽልማት አስገኘላት።

ግን ዋርነር የሚሰጣትን ስክሪፕት ሁሉ እሺ የምትል ሰው አልነበረችም። እምቢ ስትል ያለ ደመወዝ ትታገዳለች። ያን ጊዜ የተዋናይ ኮንትራት እንደዚህ ነበር፦ ስቱዲዮው ያበድርሃል፣ ይከለክልሃል፣ ያቆይሃል። ታዲያ በታገደችባቸው ጊዜያት ሉፒኖ ቀረጻ ቦታ እየሄደች የሌሎችን ሥራ ማየት ያዘች። መብራቱ እንዴት እንደሚተከል፣ ካሜራው ለምን እንደሚንቀሳቀስ፣ ኤዲቲንግ ክፍል ውስጥ የትኛው ቁራጭ እንደሚጣል ተመለከተች። ትምህርት ቤቷ ይሄ ነበር።

ተዋናይ የሆነ ዳይሬክተር ከሌላው የሚለይበት ነገር ምንድነው ቢባል ብዙ ሰው «ተዋንያንን ማናገር ያውቅበታል» ይላል። እውነት ነው፤ ግን ከዚህ የሚበልጥ ነገር ያለ ይመስለኛል። የፊልም ተዋናይ ከቀኑ አብዛኛውን ሰዓት የሚያሳልፈው በመጠበቅ ነው። ካሜራ ሲበራ እንኳ ግማሹ ሥራው ሌላው ሲናገር መስማት ነው። በሉፒኖ ፊልሞች ውስጥ ትልቁ ነገር የሚሆነው ሁልጊዜ ሰሚው ፊት ላይ ነው። ተናጋሪው ወሬውን ይጨርሳል፣ ካሜራው ግን ዝም ካለው ሰው ላይ አይነሳም። ይህን ከመጽሐፍ የተማረችው አይመስለኝም። ለዓመታት እሷ ራሷ ያ ዝም ያለው ፊት ነበረች።

ከዋርነር በ1947 ከወጣች በኋላ ከባሏ ከኮሊየር ያንግ ጋር የራሳቸውን ኩባንያ አቋቋሙ፤ ብዙም ሳይቆይ «ዘ ፊልሜከርስ» ተባለ። በ1949 የመጀመሪያ ፊልማቸው «ኖት ዎንትድ» ቀረጻው በተጀመረ በቀናት ውስጥ ዳይሬክተሩ ኤልመር ክሊፍተን ልቡን ታመመ። ሌላ ሰው ለመቅጠር ገንዘብ የለም። የቸገረው እርጉዝ ያገባል እንደሚባለው፣ ከስክሪፕቱ ጸሐፊዎች አንዷና ፕሮዲዩሰር የነበረችው ሉፒኖ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ስሟን ግን በዳይሬክተርነት አላስጻፈችም፤ የክሊፍተን ሆኖ ቀረ። ፊልሙ ደግሞ የሚያወራው በእርግጥም ስለ አንዲት ሳታገባ ስላረገዘች ልጅ ነው።

ከሆነው ነገር በኋላ

የሉፒኖን ርዕሶች በዝርዝር ብቻ ያየ ሰው የማኅበራዊ ችግር ፊልሞች ናቸው ብሎ ሊያልፋቸው ይችላል። ያልተፈለገ እርግዝና፣ ፖሊዮ፣ መደፈር፣ ሁለት ሚስት ማግባት። የትምህርት ቤት ክበብ ርዕስ ይመስላል። ፊልሞቹ ግን ስለ ችግሩ ብዙም አያወሩም። የሚያወሩት ነገሩ ከሆነ በኋላ ስላለው ጊዜ ነው። ሰው ትልቅ ነገር ደርሶበት፣ ዓለም ግን እንደ ትናንቱ ስትቀጥል ምን ያደርጋል? የሉፒኖ ሰዎች ይሄዳሉ። ወዴት እንደሚሄዱ ሳያውቁ ይሄዳሉ። «ኖት ዎንትድ» የሚጀምረው ፊቷ የደነዘዘ ልጅ ዳገት መንገድ ስትወጣ ነው። ከመንገድ ዳር የሰው ሕፃን ከጋሪ ውስጥ ታነሳለች፤ ለምን እንዳነሳች እሷም የምታውቅ አትመስልም።

«አውትሬጅ» (1950) ይህን አካሄድ እስከ መጨረሻው ይወስደዋል። አን ዋልተን ቢሮ ሠራተኛ ናት፣ ልታገባ ነው። አንድ ምሽት ከሥራ ስትወጣ በየጊዜው ከምትገዛበት ኪዮስክ የሚሠራ ሰው ይከተላታል። ክትትሉ ረጅም ነው፤ ሙዚቃ የለውም። የጫማ ድምፅ፣ የሰውየው ፉጨት፣ ባዶ መጋዘኖችና የቆሙ የጭነት መኪኖች ብቻ። ልጅቷ የአንዱን መኪና ጥሩምባ ተጭና እርዳታ ትጠራለች፤ ጥሩምባው ሳያቋርጥ ይጮኻል። ካሜራው ወደ ላይ ሲወጣ አንድ ሰው ከፎቅ በመስኮት ብቅ ይላል። ጩኸቱ ረብሾታል። መስኮቱን ይዘጋዋል።

በዚያን ጊዜ የሆሊውድ የሥነ ምግባር ደንብ «መደፈር» የሚለው ቃል በፊልም ውስጥ እንዲነገር አይፈቅድም። ስለዚህ ቃሉ በፊልሙ ውስጥ አንዴም አይወጣም። ሉፒኖ ይህን ክልከላ ወደ ፊልሙ ውስጥ አስገባችው ማለት ይቻላል። ሰፈርተኛው ሁሉ ያውቃል፣ ማንም አይናገርም። ጎረቤት አን ስታልፍ ወሬ ያቆማል። ቢሮ ስትመለስ ባልደረቦቿ በጣም ደግ ሆነው ይጠብቋታል፤ ያ ደግነት ራሱ ያንቃል። ከዚያ አጠገቧ የተቀመጠው ሰው ወረቀት ላይ ማኅተም ይመታል። ጧ፣ ጧ፣ ጧ። ሌላው ጣቱን ጠረጴዛ ላይ ያንኳኳል። ድምፁ እየጎላ ይመጣል፣ የአን ፊት ይለወጣል፣ ትሮጣለች። አንድም ቃል ሳይነገር አካል እንዴት እንደሚያስታውስ እናያለን። ዛሬ ለዚህ የሕክምና ስም አለው። በ1950 የነበራት ማኅተምና ፊት ብቻ ነበር።

እዚህ ላይ ግን አድናቆቴን ልገታ። የፊልሙ ሁለተኛ አጋማሽ ይደክማል። አን ከቤቷ ሸሽታ ብርቱካን የሚለቀምበት አካባቢ ስትደርስ አንድ ደግ ቄስ ያገኛታል፤ ከዚያ በኋላ ፊልሙ ማየት ትቶ መምከር ይጀምራል። ፍርድ ቤት ውስጥ ቄሱ ስለ ኅብረተሰብ ኃላፊነት ረጅም ንግግር ያደርጋል፤ ካሜራው ከተናጋሪው ጋር ይቆያል። ይሄ በሌሎቹም ፊልሞች አለ። ሴቷ ስትጠፋ የሚያገኛት፣ ታጋሽ፣ ሁሉን የሚረዳ ወንድ መጨረሻ ላይ አይጠፋም። የዘመኑ ገበያ የሚፈልገው ነው ብሎ ማለፍ ይቻላል። ግን እኔ እንደማየው ሉፒኖ ጥያቄ ስትጠይቅ ያላትን እርግጠኝነት መልስ ስትሰጥ አታገኘውም። በጣም ጥሩ የሆኑት ሁለት ፊልሞቿ መልስ ለመስጠት የማይሞክሩት ናቸው።

ሁለት ወንዶች፣ ሁለት ሚስቶች

የመጀመሪያው «ዘ ሂች-ሃይከር» (1953) ነው። መነሻው እውነተኛ ነው፤ ቢሊ ኩክ የሚባል ሰው በመንገድ ላይ ስድስት ሰዎች ገድሎ፣ ሁለት ሰዎች አግቶ ሜክሲኮ ውስጥ ተይዞ ነበር። በፊልሙ ሁለት ጓደኛሞች ዓሣ ሊያጠምዱ ሲሄዱ መንገድ ዳር የቆመ ሰው ያሳፍራሉ። ሰውየው ሽጉጥ ያወጣል። ሌላ ታሪክ የለም። 71 ደቂቃ ሙሉ ሦስት ወንዶች፣ አንድ መኪና፣ በረሃ።

ገዳዩን የሚጫወተው ዊልያም ታልማን ነው። አንድ ዓይኑ ሽባ ነው፤ ሲተኛ አይከደንም። ሌሊት ላይ ሁለቱ ታጋቾች ተኝተው ያዩታል፣ ዓይኑ ክፍት ነው። ተኝቷል ወይስ ነቅቷል? ማወቅ አይቻልም። ካሜራማኑ ኒኮላስ ሙሱራካ የጥላ ሰው ነው፤ የመኪናዋን ውስጥ ጨለማ በአንድ ብርሃን እየቆረጠ መጀመሪያ ሽጉጡን፣ ቀጥሎ ፊቱን ያመጣዋል። በሌላ በኩል ቀኑ ከሌሊቱ ይብሳል። በጠራራ ፀሐይ፣ ዓለቱ ሁሉ ወለል ብሎ እየታየ፣ መሸሻ የለም። ሉፒኖ ገንዘብ ስላልነበራት የስቱዲዮ ቤት አልሠራችም፤ ካሊፎርኒያ ሎን ፓይን አካባቢ ያለውን በረሃ ሜክሲኮ አደረገችው። ባዶ ሜዳ እንደ ክፍል ሲዘጋ የምናየው እዚያ ነው።

ይህ ፊልም የወንዶች ፊልም ስለሆነ ከሌሎቹ ይለያል የሚሉ አሉ። ለእኔ ግን ያው ፊልም ነው። ሁለቱ ታጋቾች ጀግና አይደሉም። ገዳዩ አንዱን ቆርቆሮ በእጁ አስይዞ ጓደኛው እንዲተኩስበት ያስገድደዋል፤ እኛ የምናየው ቆርቆሮውን ሳይሆን የሁለቱን ፊት ነው። ወንድ ልጅ ሲፈራ ምን ይመስላል? የጊዜው የአሜሪካ ፊልም ይህን ጥያቄ ብዙም አይወደውም። ሉፒኖ ከ«አውትሬጅ» ልጅ ላይ ያላነሳችውን ካሜራ ከእነዚህም ላይ አላነሳችም። ደግሞ ስፓኒሽ የሚናገሩት ሜክሲኳውያን ያለ ትርጉም ይናገራሉ። ቋንቋውን የማያውቀው ገዳዩ ነው፤ በዚያች ደቂቃ የማይገባው፣ የሚፈራው እሱ ይሆናል። መጨረሻ ላይ ገዳዩ እጁ ታስሮ ሳለ ከታጋቾቹ አንዱ ይመታዋል። ምቱ ደስ አይልም። ነጻ የወጣ ሰው አይመስልም።

ሁለተኛው በዚያው ዓመት የሠራችው «ዘ ቢጋሚስት» ነው። ሰውየው ሃሪ የበረዶ ማቀዝቀዣ እየዞረ ይሸጣል። ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ሚስትም የሥራ አጋርም የሆነች ኢቭ አለች፤ ልጅ መውለድ አልቻለችም። ሎስ አንጀለስ ውስጥ ደግሞ ፊሊስ የምትባል አስተናጋጅ ተዋውቆ፣ አርግዛለት፣ እሷንም አግብቷል። ልጅ ለማሳደግ ባመለከቱበት መሥሪያ ቤት የሚያጣራ ሽማግሌ ሲመጣ ነገሩ ይወጣል። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም የሚለው ተረት ለዚህ ሰው የተነገረ ይመስላል። ፊልሙ ግን አይተርትበትም። አጣሪው ራሱ ታሪኩን ሰምቶ ሲጨርስ ምን ብሎ እንደሚፈርድ ይቸግረዋል። ዳኛውም ውሳኔውን አሳድሮ ይወጣል። የቀረው የሁለቱ ሴቶች መተያየት ነው፤ አይናገሩም።

ፊሊስን የተጫወተችው ራሷ ሉፒኖ ናት። ኢቭን የተጫወተችው ጆን ፎንቴይን በዚያን ጊዜ የኮሊየር ያንግ ሚስት ነበረች፤ ያንግ ደግሞ የስክሪፕቱ ጸሐፊ፣ የፊልሙ ፕሮዲዩሰርና የሉፒኖ የቀድሞ ባል። ሐሜቱን ለወዳጁ ልተወው። እኔን የገረመኝ ሉፒኖ ለራሷ የሰጠችው ገጸ ባህሪ ነው። የምትጮህበት ትዕይንት የላትም። ካሜራውን ይዛ ሳለ ለራሷ ትንሿን ቦታ ወሰደች።

የሰው ቤት

«ዘ ፊልሜከርስ» የወደቀው በጥበብ ድክመት አይደለም። ቀደም ሲል ፊልሞቻቸውን የሚያከፋፍለው የሃዋርድ ሂዩዝ አርኬኦ ነበር። «ዘ ቢጋሚስት»ን ግን ራሳቸው ለማከፋፈል ወሰኑ። ፊልም መሥራትና ፊልምን ወደ ሲኒማ ቤት ማድረስ ሁለት ሙያ ነው፤ ሁለተኛው ትልቅ ካፒታል ይጠይቃል። አልቻሉትም። ኩባንያው ጥቂት ቆይቶ ተዘጋ።

ቴሌቪዥን ውስጥ መጀመሪያ የተጠራችው በተዋናይትነት ነበር። «ፎር ስታር» የሚባለውን ኩባንያ ዲክ ፓወል፣ ዴቪድ ኒቨንና ሻርል ቧየ አቋቋሙት፤ አራተኛዋ ኮከብ ሉፒኖ ሆነች። የባለቤትነት ድርሻ ግን አልነበራትም። የቤቱ ስም በአራት ይቆጠራል፣ ቁልፉ ሦስት ነው። ከ1956 ጀምሮ ደግሞ ክፍሎችን ማዘጋጀት ያዘች፦ «ሃቭ ገን፣ ዊል ትራቭል»፣ «አልፍሬድ ሂችኮክ ፕሬዘንትስ»፣ «ትሪለር»፣ «ዘ አንተቸብልስ»፣ «ዘ ፊውጂቲቭ»፣ ሌላው ቀርቶ ኮሜዲዎቹ «ጊሊጋንስ አይላንድ» እና «ቢዊችድ»። አስገራሚው ነገር በብዛት የሚቀጥሯት ለሽጉጥና ለፍርሃት ታሪክ ነበር። «ዘ ሂች-ሃይከር» ስሟን እዚያ አስገብቶታል።

እኔ የምተዳደረው ሶፍትዌር በመሥራት ነው፤ ስለዚህ ይህ የሥራ ዓይነት ከሩቅ የማየው አይደለም። አብዛኛው የኛ ሥራ አዲስ ነገር ከባዶ መፍጠር አይደለም። ሌላ ሰው ከዓመታት በፊት የጀመረው ኮድ ውስጥ መግባት ነው። ስሞቹ ተሰጥተዋል፣ ሕጎቹ ወጥተዋል፣ ቀነ ገደቡ ተቆርጧል። አንተ የምትጨምረው ከቀረው ጋር ተመሳስሎ መኖር አለበት። ጥሩ ከሠራህ ማንም አያስተውልም፤ ያንተ እጅ የቱ ጋ እንደነበረ የሚያውቀው የለውጥ ታሪኩን ከፍቶ የሚያይ ሰው ብቻ ነው። የተከታታይ ድራማ ዳይሬክተርም እንዲሁ ነው። ዋናው ተዋናይ የእሱ ምርጫ አይደለም፣ ታሪኩ የእሱ አይደለም፣ በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ሰው ይመጣል። ታዲያ እንዲህ ባለ ሥራ ውስጥ የአንድ ሰው እጅ ይታያል ወይ?

ይታያል። «ሲቢላ» (1960) የሂችኮክ ተከታታይ ውስጥ ያለ ክፍል ነው። አንድ ሰው ሚስቱን ሊመርዛት ያስባል፤ ምስጢሩን ያወቀችበት ሲመስለው ደግሞ ይፈራታል። ታሪኩ የሚነገረው ከባልየው ወገን ነው። ሉፒኖ ግን ሚስትየዋን በምትጫወተው በባርባራ ቤል ጌዲስ ፊት ላይ ትቆያለች። ፈገግታዋ ፍቅር ነው ወይስ ማስፈራሪያ? ስክሪፕቱ የባልየው ነው፤ ካሜራው ግን የዝምተኛዋ።

ከሁሉም የሚበልጠው «ዘ ትዋይላይት ዞን» ውስጥ በመጋቢት 1964 የተላለፈው «ዘ ማስክስ» ነው። ዋናው ተከታታይ 156 ክፍሎች ነበሩት፤ ከእነዚህ ውስጥ ሴት ያዘጋጀችው ይህን አንዱን ብቻ ነው። ሊሞት የተቃረበ ሃብታም ሽማግሌ የካርኒቫል ሌሊት ልጁን፣ አማቹንና የልጅ ልጆቹን ይሰበስባል። ውርስ ከፈለጋችሁ እስከ እኩለ ሌሊት ድረስ እነዚህን አስቀያሚ ጭምብሎች አጥልቃችሁ ተቀመጡ ይላቸዋል። እኩለ ሌሊት ላይ ሽማግሌው ይሞታል፣ ወራሾቹ ጭምብሉን ያወልቃሉ፤ ፊታቸው ጭምብሉን ሆኖ ቀርቷል።

ይህን ለዳይሬክተር የሚያቀርብ ሰው እንቆቅልሽ ነው የሚያቀርበው። የክፍሉ አብዛኛው ጊዜ ተዋንያኑ ፊት የላቸውም! ሉፒኖ ያላትን ትልቁን መሣሪያ ተነጠቀች። ያደረገችው ነገር ቀላል ነው፦ ሰዎቹን አንድ ሳሎን ውስጥ አስቀምጣ፣ የማይንቀሳቀሱትን ጭምብሎች አንድ በአንድ በቅርበት አሳየችን፣ ድምፃቸው ብቻ እንዲያጉረመርም ተወችው። ቶሎ ቶሎ አልቆረጠችም። እኛም ጭምብሉን ስናይ እንቆይና እንደ ፊት ማንበብ እንጀምራለን። መጨረሻው የሚያስደነግጠው ለዚህ ነው፤ ፊቶቹን ቀድመን ለምደናቸዋል።

አምስት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1959፣ እዚያው ተከታታይ ውስጥ ሉፒኖ በተዋናይትነት ሠርታ ነበር። «ዘ ሲክስቲን-ሚሊሚትር ሽራይን» ላይ ያረጀች የፊልም ኮከብ ሆና ክፍሏን ዘግታ የድሮ ፊልሞቿን ብቻ ታያለች፤ በመጨረሻም ማያው ውስጥ ገብታ ትቀራለች። ሁለቱን ክፍሎች አከታትሎ ማየት ደስ ይላል። የመጀመሪያዋ ሴት ፊቷን ከጊዜ ለማዳን ምስል ውስጥ ገባች። ሉፒኖ ራሷ ግን በአርባዎቹ ዕድሜዋ፣ ሆሊውድ ተዋናይትን አረጀሽ በሚልበት ሰዓት፣ ከምስሉ ወጥታ ሌሎች ፊቶችን ማየት መረጠች።

ምን ቀረ?

እስካሁን ያልኩት የቴሌቪዥን ሥራዋ ከፊልሞቿ ጋር እኩል ነው የሚያሰኝ ከሆነ እዚህ ላይ ላርመው። አይደለም። የሥራው ጥራት ሳይሆን የጥያቄው መጠን ቀንሷል። «ሲቢላ» ግሩም ነው፤ ግን አን ዋልተንን የሚያክል ሰው በግማሽ ሰዓት የወንጀል ታሪክ ውስጥ አይገባም። መስኮቱን የዘጋው ጎረቤት በቴሌቪዥን ክፍሎቿ ውስጥ የለም። ስፖንሰር ያለው፣ በየሳምንቱ ሁሉ ነገር ተፈትቶ ማለቅ ያለበት ቤት እንዲህ ዓይነቱን ሰው አያስገባም።

ለዚህ ነው «በትንሽ በጀት ተአምር ሠራች» የሚለው ምስጋና የማይመቸኝ። ምስጋናው እውነት አለው፤ በረሃውን ወደ ክፍል የለወጠችው ችግር አስገድዷት ነው። ግን ችግርን አብዝቶ ማመስገን ችግሩን የፈጠረውን አካል ከጥያቄ ነጻ ያወጣዋል። ከ1953 እስከ 1966 ድረስ 13 ዓመት ሙሉ አንድም የሲኒማ ፊልም አላዘጋጀችም። አርባ ዓመት ሳይሞላት «ዘ ሂች-ሃይከር»ን የሠራ ሰው ነው የምንለው። ወንድ ቢሆን ኖሮ ብሎ መገመት ቀላል ስለሆነ አልገምትም፤ ራሷን ያወዳደረችበትን ሰው ማየት ይበቃል። ዶን ሲገል በእነዚያ ዓመታት ፊልም ከፊልም እየሠራ ነበር።

የዳይሬክተር ወንበሯ ጀርባ ላይ «የሁላችን እናት» የሚል ተጽፎ ነበር። ትእዛዝ አትሰጥም ነበር፤ እናታችሁ ተቸግራለች፣ እንዲህ ብናደርግ ምን ይመስላችኋል እያለች ወንዶቹን ሠራተኞች ታግባባ እንደነበር ራሷ በ1967 ጽፋለች። በዚህ ብዙ ሰው ይስቃል፣ አንዳንዱ ደግሞ ይናደዳል። እኔ የማየው ወጪውን ነው። ሌላው ዳይሬክተር «ካሜራውን እዚያ አድርገው» ብሎ በሁለት ሰከንድ የሚጨርሰውን እሷ በየቀኑ፣ በየትዕይንቱ፣ በልመና መልክ ታስፈጽመው ነበር። ይህ ልፋት በየትኛውም በጀት ውስጥ አይጻፍም።

በ1966 ኮሎምቢያ «ዘ ትራብል ዊዝ ኤንጅልስ»ን ሰጣት፤ በገዳም ትምህርት ቤት ስለሚረብሹ ሁለት ልጃገረዶች የሚያወራ ቀላል ኮሜዲ ነው። የመጨረሻ የሲኒማ ፊልሟ ሆነ። ብዙዎች እንደ ቴሌቪዥኑ ያልፉታል። ግን ቀልዱ ጋብ ሲል ልብ ብላችሁ እዩት። ረባሿ ማሪ ተደብቃ፣ ሁልጊዜ የምትቆጣትን የገዳሙን አለቃ በሟች መነኩሴ አስከሬን አጠገብ ብቻዋን ስታለቅስ ታያታለች። ማሪ ምንም አትልም። የልጅቷ ሕይወት የሚለወጠው በዚያ ዝምታ ውስጥ ነው፤ ምክር የሚሰጥ ደግ ቄስም የለም። ሉፒኖ በ1950 መልሱን በንግግር ጨርሳው ነበር፤ በ1966 በሰው ቤት፣ በቀላል ኮሜዲ ውስጥ፣ ለፊት ተወችው።

አይዳ ሉፒኖ በ1995 አረፈች። ማርቲን ስኮርሴዚ በዚያው ዓመት ስለ ፊልሞቿ ጻፈ፣ «ዘ ሂች-ሃይከር» በ1998 የአሜሪካ ብሔራዊ የፊልም መዝገብ ውስጥ ገባ፣ «አውትሬጅ» ደግሞ በ2020። መልካም ነው። የቴሌቪዥን ክፍሎቹ ግን አሁንም በየተከታታዩ ተበትነው፣ በሌሎች ሰዎች ስም ውስጥ ይኖራሉ።

ለመጀመር የሚፈልግ ሰው ብዙ አይቸገርም። «ዘ ሂች-ሃይከር» እና «ዘ ቢጋሚስት» የባለቤትነት መብታቸው ስላለፈ ኢንተርኔት ላይ በነጻ ይገኛሉ። ሁለቱን በአንድ ምሽት ማየት ይቻላል። ከዚያ በማግስቱ «ዘ ማስክስ»ን እዩት፤ 25 ደቂቃ ነው። ስታዩ የሚናገረውን ሰው ለጊዜው ተዉትና የሚሰማውን ተከተሉ። የሉፒኖ ሥራ ያለው እዚያ ነው።